የመምህሩ ደሞዝና የልጁ ሐቅ

 

በዚህ ጽሑፍ የማነሣላችሁ ጥያቄ ለአንዳንዶቻችሁ የመንግሥትና የመሥሪያ ቤት ጉዳይ እንጂ የዲን ጉዳይ አይመስላችሁ ይሆናል። ጥያቄው ይህ ነው፦ መምህር ደሞዙ ሲከለከል ወይም ሲጓደልበት፣ ከባልደረቦቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ «ሐቃችን እስኪሰጠን ድረስ አናስተምርም» ቢል ትክክል ነውን? ወይስ ዕውቀት አማና ነውና፣ ቢርበውም ቢቸገርም ከልጆቹ ፊት ተነሥቶ የመሄድ መብት የለውም?

ይህ ጥያቄ ከኪታብ ላይ አንብቤው የመጣልኝ አይደለም። ከዓመታት በፊት አዳማ ውስጥ በአንድ መድረሳ ከአራት ጓደኞቼ ጋር አስተምር ነበር። የአራት ወር ደሞዛችን ሳይከፈል ተጠራቀመ። ከመካከላችን አንዱ ባለቤቱ ወልዳ የተኛችበት፣ ሌላው ደግሞ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት አከራዩ ውጣልኝ ያለው ነበር። ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍን። መልሱ በቃል መጣ፦ «ኡስታዞች፣ ኢኽላሳችሁ የት ሄደ? አጅራችሁ እኮ ከአላህ ዘንድ ነው።» ይህን ያሉን ሰዎች ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከሱቃቸው አንድ ኪሎ ስኳር ሲሸጡ ግን «ዋጋውን ከአላህ አገኛለሁ» ብለው ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ተመካከርንና በሩን ዘጋን። ስምንት ቀን አላስተማርንም። በዘጠነኛው ቀን የሁለት ወሩ ተከፈለንና ተመለስን።

በተመለስንበት ዕለት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም ቸርችራ የምታድር ሴት ናት። «ኡስታዝ፣ ደሞዛችሁን በማግኘታችሁ አልሐምዱ ሊላህ፣ ደስ ብሎኛል። የልጄን ስምንት ቀን ግን ማን ይከፍለዋል? እኔ እንደሆነ የወሩን ከፍያለሁ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ እንደማንኛውም የገበያ ሰው ሒሳቧን ነበር የጠየቀችው። «ኢንሻአላህ እናካክሳለን» አልኳት። በመድረሳው የዕረፍት ቀናት፣ ሐሙስና ዓርብ፣ ልናስተምር ተስማማን። በመጀመሪያው ሐሙስ ከአምስታችን አራታችን ተገኘን፤ በሁለተኛው ሁለት ብቻ ተገኙ። በሁለተኛው ሐሙስ ከቀሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። የሴትዮዋ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ይህንንም ጽሑፍ የምጽፈው እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ባለዕዳ ነው።

ኢኽላስ ደሞዝን ያስቀራልን?

በመጀመሪያ ኮሚቴው የሰጠንን መልስ እንመርምር። የመምህር ደሞዝ ጉዳይ ለዑለማእ አዲስ ነገር አይደለም። የቀደሙት የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ቁርኣን በማስተማር ክፍያ መቀበልን አይፈቅዱም ነበር፤ ዒባዳ በዋጋ አይሸጥም በሚል ምክንያት። ከእነሱ በኋላ የመጡት የዚያው መዝሀብ ሊቃውንት ግን ፈቀዱ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፦ በቀድሞ ዘመን መምህራን ከበይተል ማል ድጎማ ነበራቸው፤ ያ ሲቋረጥ፣ መምህሩ እንጀራ ፍለጋ ወደ ገበያ ወጥቶ ልጆች ያለ ቁርኣን እንዳይቀሩ ተፈራ። የሻፊዒና የማሊኪ ሊቃውንት ደግሞ ከመጀመሪያውም ፈቅደውታል፤ ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎችም አንዱ ኢብን ዐባስ ያስተላለፉትና ቡኻሪ የመዘገቡት፣ ለአላህ ኪታብ ክፍያ መቀበል ተገቢ መሆኑን የሚያመለክተው ሐዲስ ነው። በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን በመዲና ሕጻናትን የሚያስተምሩ ሦስት መምህራን እንደነበሩና ዑመርም በየወሩ ይከፍሏቸው እንደነበር ተዘግቧል። ከበድር ምርኮኞች መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችሉት፣ ቤዛ የሚሆን ገንዘብ ሲያጡ፣ እያንዳንዳቸው ዐሥር የመዲና ልጆችን አስተምረው እንዲለቀቁ መደረጉም በሲራ መጻሕፍት የታወቀ ነው። የማስተማር ሥራ የአንድን ሰው ነጻነት ያህል ዋጋ ተሰጥቶት ነበር ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ኢማም ገዛሊ በ«ኢሕያእ» የመምህርን ግዴታዎች ሲዘረዝሩ፣ መምህሩ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ፈለግ ተከትሎ ለማስተማሩ ዋጋ እንዳይሻ ይመክራሉ። ይህ ትልቅ ደረጃ ነው፤ የሚደርስበትም ብፁዕ ነው። ግን አስተውሉ! ገዛሊ ይህን የሚሉት ለመምህሩ ነው እንጂ ለቀጣሪው አይደለም። ኢኽላስ ሰው ራሱን የሚጠይቀው፣ በእሱና በአላህ መካከል ያለ ነገር ነው። ሌላው ሰው አንሥቶ «ኢኽላስ ካለህ ደሞዝህን አትጠይቅ» ሲል ግን ኢኽላስ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ መካጃ ይሆናል። ሠራተኛን አሠርቶ፣ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ፣ ዋጋውን የከለከለ ሰው፣ አላህ በቂያማ ዕለት ከሚከራከራቸው ሦስት ዓይነት ሰዎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ከዚህ ማስጠንቀቂያ ውስጥ የመድረሳ ኮሚቴ ወይም የመንግሥት ቢሮ ተለይቶ አልወጣም።

ለተበደለ አብሮ መቆም

መምህሩ ደሞዙን መጠየቁ ሐቅ ከሆነ፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ መጠየቁስ? አንዳንድ ሰዎች «ማኅበር»፣ «አድማ» ሲባሉ ፊትና ይመስላቸዋል። እነዚህ ወገኖች የሒልፈል ፉዱልን ታሪክ እንዲያስታውሱ እጠይቃለሁ። ከነቢይነት በፊት ከየመን የመጣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ለመካው ሹም ለአል ዐስ ኢብን ዋኢል ሸጠ። አል ዐስ ዕቃውን ከወሰደ በኋላ ገንዘቡን ከለከለው። ነጋዴው በመካ ዘመድ አልነበረውምና ወደ አቡ ቁበይስ ተራራ ወጥቶ ጮኸ። ያን ጊዜ ከቁረይሽ ጎሳዎች አንዳንዶቹ በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የመካ ሰውም ሆነ እንግዳ፣ ማንም የተበደለ ሰው ሐቁ እስኪመለስለት ድረስ እንደ አንድ እጅ አብረውት ሊቆሙ ቃል ተጋቡ፤ የነጋዴውንም ገንዘብ አስመለሱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በወጣትነታቸው በዚያ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከነቢይነት በኋላም ወደዚያ ዓይነት ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል።

ነገሩ የተነሣው ከምን እንደሆነ ልብ በሉ። ከተከለከለ ክፍያ ነው። መፍትሔውም የመጣው ብቻቸውን አቅም የሌላቸው ሰዎች በመተባበራቸው ነው። እንግዲህ የመምህራን ማኅበር፣ ኒያው ከተስተካከለ፣ ከዚህ የራቀ አይደለም። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችንም ይጨምራል። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነጻነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87ን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነውን መምህር አይመለከትም። ስለዚህ የግል ትምህርት ቤት መምህር በዚህ አዋጅ መሠረት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ሲችል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የሚሰባሰበው በሙያ ማኅበር ነው።

ሸንኮራ አገዳና ልጅ

ነገር ግን እስካሁን ያልነው የመምህሩን ሐቅ ብቻ ነው። የዚያች እናት ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ለእሱ ወደ ወንጂ እንሂድ።

ወንጂ ለአዳማ ሰው ሩቅ አይደለም። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እዚያ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ያስጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከሌላም ቦታ የመጡ ሰዎች አገዳ ሲቆርጡ ኖረዋል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋምም እንደ ወንጂ ያሉ የእርሻና የፋብሪካ ቦታዎች ሠራተኞች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እንግዲህ አገዳ ቆራጩ ሥራ ቢያቆም ምን ይሆናል? አገዳው በማሳው ይደርቃል፤ ፋብሪካው ይቆማል፤ ኩባንያው ይከስራል። ጉዳቱ የሚያርፈው በቀጥታ ሐቁን በከለከለው ላይ ነው።

መምህሩ ሥራ ሲያቆም ግን ማን ይጎዳል? ደሞዙን የከለከለው ባለሥልጣን የሚጎድልበት ነገር የለም፤ እንዲያውም የዚያን ወር ወጪ ይቆጥብ ይሆናል። የሚጎዳው በክርክሩ ውስጥ ምንም እጅ የሌለው ልጅ ነው። ፊደል ሳይለይ የቀረ፣ ወይም ሱረቱል ፋቲሓን አጣርቶ ሳይቀራ የቀረ ልጅ የመምህሩን ደሞዝ አልወሰደም። ሰው ዕዳውን ከባለዕዳው እንጂ ከሌላ ሰው ኪስ አይወስድም። የመምህር አድማ ከሌላው አድማ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

«እንግዲያው መምህር ምንጊዜም ዝም ይበል» የሚል ካለ ግን እሱም ተሳስቷል። ያልተከፈለ መምህር ክፍል ቢገባም ልጁ ሐቁን አያገኝም። ባዶ ሆዱን የመጣ መምህር ጠመኔ ይዞ ይቆማል እንጂ አያስተምርም። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ሊነዳ ወይም ሞጆና መቂ ወርዶ ሊነግድ ይሄዳል፤ ደብተር ሳያርም ያድራል፤ በመጨረሻም ሙያውን ትቶ ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራን ደሞዝ ለወራት ሲዘገይ፣ ትምህርቱም አብሮ ሲጎዳ ሰምተናል። ስለዚህ የመምህሩ ደሞዝና የልጁ ሐቅ ሁለት ጠላቶች አይደሉም፤ አንዱ ሲጎድል ሌላውም ይጎድላል። ጥያቄው፣ የመምህራን ማኅበር ሁለቱን አንድ ላይ ይዟል ወይስ አንዱን ብቻ? የሚለው ነው።

በ1966 ዓ.ም. የሆነው

ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» የተባለ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጀ። ዕቅዱ ለብዙኃኑ ሕዝብ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለማዳረስ ያለመ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚቀጥለውን ግን ይገድባል። መምህራንና ወላጆች የተረዱት በአጭሩ የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም ነው ብለው ነው። መምህራኑ ከዚህ ሌላ ለዓመታት የተንከባለለ የደሞዝ ጥያቄ ነበራቸው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። በጥያቄ ዝርዝራቸው ውስጥ የደሞዝ ጭማሪውና የዕቅዱ መሰረዝ አብረው ነበሩ። ወላጆች ደገፏቸው፤ ተማሪዎች ደገፏቸው። የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን አቆየው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። በሁለተኛው ወር፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ ሙስሊሞች ስለ እኩልነታቸው በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡበት ታላቅ ሰልፍ የተደረገውም በዚያው የጸደይ ወራት ነበር።

ያ አድማ እንከን አልነበረውም አልልም፤ ልጆች የትምህርት ቀናት አጥተዋል። ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። መምህሩ ስለ ራሱ ሆድ ሲጠይቅ የሽንኩርት ነጋዴዋን ልጅ አልረሳም። የልጁን ሐቅ ከራሱ ሐቅ ጎን አስቀመጠ። ስለዚህ ወላጁ «ልጄን ማን ይከፍለዋል?» ሲል መልስ ነበረው፦ «የምንታገለው ለእሱም ነው» የሚል። እኛ ያን ስምንት ቀን በሩን ስንዘጋ በደብዳቤያችን ላይ ስለ ልጆቹ አንዲት ቃል አልጻፍንም ነበር። ስድሳ ልጆች በሁለት ክፍል ታጭቀው፣ ግማሾቹ ሎሕ ሳይኖራቸው፣ እኛ የጻፍነው ስለ ደሞዛችን ብቻ ነው።

በሌላው ዓለምም ሁለቱ ሐቆች ተለያይተው ሲጋጩ ምን እንደሚመጣ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 በኒው ዮርክ ከተማ በአልበርት ሻንከር የሚመራው የመምህራን ማኅበር ለሳምንታት ሥራ አቆመ፤ አንድ ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ትምህርታቸው ተስተጓጎለ። ማኅበሩ የተነሣው ኦሽን ሂል ብራውንስቪል በተባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ የአካባቢው ቦርድ መምህራንን ከቦታቸው በማንሣቱ ነበር። መምህራኑ ያለ በቂ ሥርዓት መነሣታችን በደል ነው አሉ። የሰፈሩ ወላጆች በበኩላቸው ልጆቻችን እንዴት እንደሚማሩ የመወሰን መብት አለን አሉ። ሁለቱም የያዙት እውነት ነበራቸው። አንዱ ወገን የሌላውን እውነት ሳይሰማ በመቅረቱ ግን በወላጅና በመምህር መካከል ለዓመታት ያልሻረ ቂም ተተከለ። በጎረቤታችን በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2015 ፍርድ ቤት የፈረደላቸው የደሞዝ ጭማሪ ስላልተከፈላቸው፣ በዊልሰን ሶሲዮን ዋና ጸሐፊነት የሚመራው ማኅበር ለአምስት ሳምንታት ያህል አድማ መታ። በፍርድ የተወሰነን ሐቅ መከልከል በደል ነው። የአምስት ሳምንት ትምህርት ያጣው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ግን፣ ጓደኛው በግል ትምህርት ቤት ሲማር፣ ለዚያው ፈተና ነበር የሚቀመጠው።

መሪነት አማና ነው

ማኅበር ያለ መሪ አይሆንም፤ መሪነትም ቀላል ሸክም አይደለም። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት ሲጠይቁ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሹመት አማና መሆኑንና ሐቁን ላልተወጣ ሰው በቂያማ ቀን ጸጸት እንደሚሆን ነግረዋቸዋል። የመምህራን ማኅበር መሪም የሚፈተነው በሁለት በኩል ነው፤ በመከራና በድሎት።

በመከራ የተፈተኑትን ለማወቅ ከአገራችን አንወጣም። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ የሚበልጡ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሰናበቱ፣ አንዱ የፖለቲካ ሳይንስ መምህሩ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ነበሩ። በዚያው ጊዜ የመምህራን ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ዶክተር ታዬ የአንደኛው ወገን ሊቀ መንበር ሆኑ። በግንቦት 1988 ዓ.ም. ከውጭ አገር ሲመለሱ ታሠሩ። በ1991 ዓ.ም. በትጥቅ አድማ ተከስሰው ዐሥራ አምስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ1994 ዓ.ም. ቅጣቱ በይግባኝ ተቀንሶ ተፈቱ። ከማኅበሩ የሥራ ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። መንግሥት በወቅቱ ሊይዛቸው ሲል እንዳመለጡ ገለጸ፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ደግሞ መሣሪያ ያልያዙ ሰው ነበሩ ብለው መሰከሩ። የማኅበሩ ስምና ንብረት ክርክር በፍርድ ቤት ዓመታት ቆይቶ፣ በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሌላኛው ወገን ወሰነ። በሙስሊሙ ዓለምም የባሕሬን መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ማህዲ አቡ ዲብ እ.ኤ.አ. በ2011 መምህራን ሥራ እንዲያቆሙ በመጥራታቸው ታስረው አምስት ዓመት በእስር ቆይተዋል።

የእነዚህን ሰዎች ፖለቲካ መደገፍም መቃወምም ለአንባቢ የተተወ ነው። እኔ የምለው፣ ሰው ስለ ሌሎች ሐቅ ተናግሮ ዋጋውን በራሱ አካል ሲከፍል፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ በደሉን በደል ብሎ መጥራት የሙስሊም ግዴታ መሆኑን ነው። በኢብን ጁድዓን ቤት የተማማሉት ሰዎችም የነጋዴውን እምነት አልጠየቁም።

የድሎት ፈተና ደግሞ ከእስር የማያንስ ነው። በሜክሲኮ ኤልባ ኤስተር ጎርዲሎ የተባሉ ሴት ግዙፉን የመምህራን ማኅበር ከ1989 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) መርተዋል። በመጨረሻ የማኅበሩን ገንዘብ አባክነዋል ተብለው ታሠሩ፤ በ2018 ፍርድ ቤት ነጻ አወጣቸው። ፍርድ ቤት ነጻ ያወጣውን ሰው እኛ ሌባ አንለውም። ግን ሃያ አራት ዓመት በአንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ራሱ ጥያቄ ነው። ከሰሌዳ ፊት ከራቀ ሩብ ምዕተ ዓመት የሆነው ሰው፣ የጠመኔ አቧራ የሚውጠውን መምህር ችግር በምን ያውቀዋል? መሪው በሹራ ካልተመረጠ፣ ሒሳቡን በአባላት ፊት ካልዘረገፈ፣ ጊዜው ሲደርስ ካልወረደ፣ መምህሩ ከአንድ በዳይ ሸሽቶ በሌላው እጅ ይወድቃል። ሌላም ፈተና አለ፦ ባለሥልጣን ያቀረበው መሪ የመምህሩ አፍ መሆኑ ቀርቶ የባለሥልጣኑ ጆሮ ይሆናል።

ሙሉ መስፈሪያ

በቁርኣናችን ውስጥ ስለ ሚዛን አጭበርባሪዎች የወረደች ሱራ አለች፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን። የምታስጠነቅቀው፣ ከሰው ሲቀበሉ ሞልተው የሚያስሰፍሩትን፣ ለሰው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉትን ነው። እኛ ይህን ስንሰማ የእህል ነጋዴውን እናስባለን። መምህርስ? በሁለት ሰዓት መግባት ሲገባው ሁለት ተኩል የሚገባ፣ ደሞዙ ላይ ግን አንዲት ብር ብትጎድል የሚጮኽ መምህር ከዚህች ማስጠንቀቂያ ያመልጣልን? የማሊኪው ሊቅ ኢብን ሰሕኑን ስለ መምህራን ሥነ ሥርዓት በጻፉት ኪታብ፣ የመምህሩን ክፍያ ሐቅነት ባረጋገጡበት እጃቸው፣ መምህሩ ከልጆቹ ተዘናግቶ በሌላ ሥራ እንዳይጠመድና የሀብታሙንና የድሃውን ልጅ እኩል እንዲያይ አዝዘዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የጻፏቸው።

ስለዚህ፣ ውድ የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሥራ ለማቆም ስናስብ ራሳችንን አራት ነገር እንጠይቅ እላለሁ።

አንደኛ፣ ሌላውን መንገድ ሁሉ ጨርሰናልን? ደብዳቤ ጽፈናል፣ ሽማግሌ ልከናል፣ ወላጆችን ሰብስበን ነግረናል? የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ መምህራን ይዞታ ባጸደቁት ውሳኔ ሐሳብ ላይም፣ የመምህራን ማኅበር ሌላ እርምጃ የሚወስደው ድርድሩ ሲያልቅ ወይም ሲፈርስ እንደሆነ ተመልክቷል። የዓለም የመምህራን ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 የሚከበረው ለዚሁ ሰነድ መታሰቢያ ነው። ሁለተኛ፣ በጥያቄያችን ዝርዝር ውስጥ የልጁ ሐቅ አለበትን? ሦስተኛ፣ የሚባክነውን ቀን እንዴት እንደምንከፍል በሩን ከመዝጋታችን በፊት ተስማምተናልን? አራተኛ፣ ከፊታችን የቆመው ሰው በሹራ የመረጥነው፣ ሒሳቡን የምንጠይቀው ነውን?

እነዚህን አራቱን ያሟላ መምህር ሥራ ቢያቆም፣ በእኔ እምነት በዳይ አይደለም፤ በደሉ የሚመለሰው ወደዚያ ደረጃ በገፋው ላይ ነው። ያላሟላ ግን፣ ደሞዙ ሐቅ ቢሆንም፣ ሐቁን የወሰደው ከልጅ እጅ ነው።

ለመድረሳ ኮሚቴዎችም አንድ ቃል አለኝ። የመንግሥት መምህር ደካማም ቢሆን ማኅበር አለው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በየመስጊዱ ጥግ የሚያስቀራው ኡስታዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአላህ በቀር ጠያቂ የለውም፤ የተጻፈ ውል እንኳ የለውም። ለመስጊዱ ሚናራ በሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ የመምህሩ ወርኃዊ ደሞዝ ከቅድሚያዎቹ አንዱ ሆኖ ይጻፍ። በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው አወሊያ የዐረብኛ መምህራን ከሥራ ሲሰናበቱ ቀድመው የተነሡት ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ተቃውሞውም ከዚያ ግቢ ወጥቶ አገር አዳረሰ። ለመምህር ከሁሉ የሚበልጠው ማኅበር ሙሉ መስፈሪያ የሰፈረለት ተማሪ እንደሆነ እኔ ከዚያ ተምሬያለሁ።

የዚያች እናት ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ከዓመታት በኋላ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ አገኘሁት፤ «ኡስታዝ!» ብሎ ሮጦ ጨበጠኝ። ስለ ስምንቱ ቀን አላነሣም፤ እንደማያስታውሰውም ገመትኩ። እኔ ግን አንሥቼ አፍው እንዲለኝ ጠየቅሁት። ሳቀና «አፍው ብያለሁ፤ ግን እናቴንም ይጠይቋት፤ የከፈለችው እሷ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው። ገበያ ሄጄ እስክጠይቃት ድረስ ዕዳው በእኔ ላይ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን ለባለቤቱ ከሚመልሱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።